በኤዶ ዓሻ ስም የሰጠሁት ይቅርታ

ይህን ነገር ባሌ አያውቅም። ልጆቼ አያውቁም። ድሬዳዋ ያለችው እህቴ፣ ምንም ነገር ደብቄያት የማላውቃት፣ እሷም አታውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ይዤው ዞርኩ። አሁንም የምጽፈው በአማርኛ ነው፤ በዚህ ቤት ከእኔ በቀር አማርኛ የሚያነብ የለምና። ሰው ሊናዘዝ ተቀምጦ የቤቱ ሰው በማያነበው ቋንቋ ይናዘዛል? እኔ እንዲህ ነኝ። ስለፈራሁ ነው ብዬ ብጀምር ደግሞ ገና ከመነሻው ሰበብ መፈለግ ይሆንብኛል። ስለዚህ ነገሩን በቀጥታ ልናገረው። እኔ ሀዋ፣ አንድ ሽማግሌ ለሞት ሲዘጋጁ የሰጡኝን አደራ በላሁ። በልቼም አልቀረሁ፤ የእኔ ያልሆነውን ይቅርታ በሌላ ሰው ስም ሰጠኋቸው።

ሽማግሌው የባሌ አባት ናቸው። ሐጂ ኢስማኤል ይባላሉ።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። ወላጆቼ የሶማሌላንድ ሰዎች ስለሆኑ ቤት ውስጥ ሶማልኛ፣ ደጅና ትምህርት ቤት አማርኛ እየተናገርኩ አደግሁ። ሀርጌሳ የመጣሁት በሃያ ሦስት ዓመቴ ተድሬ ነው። የምንኖረው 26 ጁን ሰፈር፣ በሐጂ ግቢ ውስጥ ነው። ሶማልኛዬ ድሬ ድሬ ይላል ብለው የባሌ እህቶች ይስቁብኝ ነበር። "ሐበሻዋ" ይሉኛል። በቀልድ ነው፤ ግን ቀልድም ሲደጋገም ይቆጠቁጣል። በገባሁ በሳምንቱ ግቢው ውስጥ ሁሉም ተሰብስቦ ሲስቅብኝ ሐጂ ከተቀመጡበት ቀና ብለው፣ "ነይ ልጄ፣ አጠገቤ ቁጭ በዪ። እነዚህን ተያቸው" አሉኝ። በአማርኛ! ጅግጅጋ ጨርቅ ሲነግዱ ከሃያ ዓመት በላይ ኖረዋል ለካ። ከሌሎቹ አንድም የገባው ሰው አልነበረም። ከዚያች ቀን ጀምሮ አማርኛ የእኔና የሳቸው ሆነ።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት እግራቸው ደከመና ውሏቸው ሳሎን ሆነ። ያኔ ነው አንድ የአረብ ሳተላይት ጣቢያ የድሮ የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም ማሳየት የጀመረው፤ በየቀኑ ከዐስር ሶላት በኋላ። አሜሪካ ገና በእንግሊዝ እጅ በነበረችበት ዘመን፣ በወንዝ ዳር በእንጨት ቤት ስለሚኖሩ ሰዎች ነው ታሪኩ። ጫካው ከጓሯቸው ይጀምራል። ከወንዙ ማዶ የአገሩ ባለቤቶች አሉ፤ ከወዲህ ምሽግ ውስጥ ቀይ ኮት የለበሱ መኮንኖች። አገረ ገዢው አንዱን የጎሳ አለቃ በሌላው ላይ ያነሳሳል፣ ደብዳቤ ኮርቻ ሥር ይደበቃል፣ ሰላይ ነጋዴ መስሎ ይመጣል። ከግርጌ የሚጻፈው አረብኛ ለእኔ ይፈጥንብኛል፤ እንግሊዝኛዬም ከሰላምታ አያልፍም። ሐጂ ግን እንግሊዝኛን ከእንግሊዞች ከራሳቸው ነው የተማሩት። በቅኝ ግዛቱ ጊዜ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ለአንድ የወረዳ መኮንን አስተርጓሚ ነበሩ።

እናም ፊልሙን እየተከታተሉ ይተረጉሙልኝ ነበር። እንዴት አድርገው! ተናጋሪው ሲቆም ይቆማሉ፣ ሲቀጥል ይቀጥላሉ። ለገዢው ወፍራም ድምፅ አላቸው፣ ለገበሬው ሚስት ቀጭን። መሃል ላይ ደግሞ የራሳቸውን ጣል ያደርጋሉ፤ "ስሚ ይሄንን ሻምበል፣ አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ" ይላሉ። እኔ ሻሂዬን ይዤ እግራቸው ሥር ምንጣፉ ላይ እቀመጣለሁ። ከውጭ የፍየል ድምፅና የልጆቼ ጫጫታ ይሰማል። ዛሬ ምን ትናፍቂያለሽ ብትሉኝ ያንን ሰዓት ነው። በዚህ ከተማ "ልጄ" ብሎ በአማርኛ የጠራኝ ሌላ ሰው የለም። ያንን ሰዓት ስለምወደው ነው ጥፋቱን የሠራሁት? እንዲህ ማለት ይቀለኛል። ሲቀለኝ ግን ራሴን እጠረጥራለሁ።

አንድ ቀን ፊልሙ ላይ አንድ የጎሳ አለቃ ወደ ምሽጉ መጣ። መኮንኑ ፊት ቆሞ በቋንቋው ረጅም ነገር ተናገረ፤ ትርጉሙ ከግርጌ በአረብኛ ሮጦ አለፈ። አጠገቡ የቆመው አስተርጓሚ ወደ መኮንኑ ዞሮ ሁለት ቃል አለ። መኮንኑ ፊቱ ተለዋወጠ፣ ወታደሮቹ አለቃውን ያዙት። እኔ የሐጂን ትርጉም እጠብቃለሁ። ዝም አሉ።

"ምን አለ?" አልኳቸው።

"ዋሸ።"

"ማን?"

"አስተርጓሚው" አሉ። ቀጥለው፣ "እኔም" አሉ።

ቴሌቪዥኑን እንድዘጋው በእጃቸው አሳዩኝ። ከዚያ ነገሩኝ፤ ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ቃል እየመረጡ።

ሀውድ በሚባለው የግጦሽ አገር አንድ ጉድጓድ ውሃ አጠገብ ጥይት ተተኩሶ የመንግሥት ፖሊስ ቆሰለ። የተኮሰው የሐጂ ታላቅ ወንድም ነበር። ሐጂ ያውቃሉ፤ ሌላ የሚያውቅ ያለ አይመስላቸውም ነበር። በማግስቱ ግን ዋርሳሜ የሚባል ግመል አርቢ በገዛ እግሩ ወደ መኮንኑ ድንኳን መጣ። ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት መኮንኑ፣ ዋርሳሜና ሐጂ ብቻ ናቸው። ዋርሳሜ እንዲህ አለ፦ "የተኮሰውን ሰው አይቻለሁ። ስሙን እነግራችኋለሁ፤ ሰው ሁሉ በዚህ ጉድጓድ በሰላም ይጠጣ ብዬ ነው የመጣሁት።" ሐጂ ወደ መኮንኑ ዞሩና ተረጎሙ፦ "የተኮስኩት እኔ ነኝ፤ ወደ ጉድጓዱ ብትቀርቡ ደግሜ እተኩሳለሁ ይላል።"

"ሲያስሩት ወደ እኔ ዞረ" አሉኝ። "'ምን አልካቸው?' አለኝ። 'ያልከውን' አልኩት።"

ዋርሳሜ በርበራ እስር ቤት ተወስዶ በዓመቱ በወባ ሞተ። በአገሩም ጥፋቱን በአፉ ያመነ ሰው ተብሎ ቀረ። ማንም ሐጂን አልጠየቃቸውም። ወንድማቸው ኖሮ፣ ወልዶ፣ ተከብሮ ሞተ።

"ልጅ ነበረችው" አሉ። "ዓሻ ትባላለች። ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ነው የምትኖረው። ሀዋ፣ የሰው ሐቅ ባለቤቱ ካልማረው አላህ ዝም ብሎ አያልፈውም። እግሬ አይሸከመኝም፤ ቢሸከመኝም ፈራሁ። አንቺ ሂጂልኝ። አባትሽ እውነቱን ነበር የተናገረው፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብሏል በያት። አፉ በዪኝ ብሏል በያት። ላየው ካለችም ተሸክመውኝ እመጣለሁ። ለልጆቼ ግን ይህን መንገር አልችልም። ለአንቺ ቻልኩ።"

"ኢንሻአላህ" አልኩ።

ሄድኩ። መሄዱን እንኳ ሄጃለሁ። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ አሕመድ ዳጋህ ወረድኩ፣ ጠየቅሁ፣ ቤታቸውን አሳዩኝ። ሰማያዊ የብረት በር ነው። ከውስጥ ሴቶች ይስቃሉ። እጄን አነሳሁ። ያኔ የባሌ አጎት ልጆች ትዝ አሉኝ፤ የዚያ የተኳሹ ወንድም ልጆች፣ በየሰርጉ በክብር የሚቀመጡት። የባሌ እህቶች ትዝ አሉኝ። ከስንት ዓመት በኋላ ገና "ሐበሻዋ" ማለት መተዋቸው ነበር። ይህ ከወጣ የአባታችንን ምስጢር ያወጣችው እሷ ናት ይሉኛል ብዬ አሰብኩ። ይህ አንደኛው ነው። ሁለተኛውን ለመናገር የበለጠ አፍራለሁ፤ ሐጂ እንደ ድሮው እንዲቆዩልኝ ፈለግሁ። የሰው ሕይወት ያጠፋ ሰው ሆነው ከተማው አፍ ውስጥ እንዲገቡ አልፈለግሁም። የእሳቸውን ክብር ነው የጠበቅሁት? ወይስ የተጠለልኩበትን ጥላ? እጄን አወረድኩና ወደ ሚኒባሱ ተመለስኩ።

በመንገድ ላይ ሁሉ "ነገ እሄዳለሁ" እያልኩ ነበር። ወላሂ፣ ነገ ልሄድ ነበር። ግን ግቢያችን ስደርስ ሐጂ በራፉ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሁለት እርምጃ ያለ ሰው መራመድ የማይችሉት ሰው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ፀሐይ ላይ ቆመዋል።  ፊቴን አዩ።

"አፉ ብለውዎታል" አልኳቸው።

ምርኩዛቸው ከእጃቸው ወደቀ። "አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ ደገሙት፣ ሠለሱት። ደግፌ አስገባኋቸው። 

አንድ ጊዜ የተነገረ ውሸት አንድ ሆኖ ቢቀር ምን ነበረበት! ሻሂያቸውን ሳይጨርሱ፣ "ምን ብላ ነው ያለችው? ቃሉን ንገሪኝ" አሉ። እሳቸው አስተርጓሚ ናቸው፤ ቃል ይፈልጋሉ። እኔም ቃል ሠራሁ። "ሰው በወጣትነቱ ይሳሳታል፤ እኔም የአላህን ምሕረት የምፈልግ ሰው ነኝ፤ አፉ ብዬዋለሁ በዪው አሉ" አልኩ። በሳምንቱ ደግሞ ጠየቁኝ። "አላለቀሰችም?" አሉ። አልቅሰዋል አልኩ። "ስለ አባቷስ?" ሲሉኝ፣ "አባቴም ቢኖር አፉ ይለው ነበር ብለዋል" አልኩ። የማላውቀውን ሙት ሳይቀር አናገርኩት። በየጊዜው አንዳንድ ነገር እየጨመርኩ ኤዶ ዓሻ የሚሏትን ሴት እኔ ራሴ ፈጠርኳት፤ ደግ፣ ትዕግሥተኛ፣ ቶሎ የምትምር። ኤዶ እዚህ ለአባት እህትና ለትልቅ ሴት የሚባል ነው። በሩን ያላንኳኳሁባቸውን ሴት ኤዶ እያልኩ እጠራቸው ጀመር።

ሐጂ ሻርፕ ገዝተሽ አድርሺላት አሉኝ። ጥሩ የሆነ፣ ቡናማ መደብ ወርቃማ ጥለት ያለው መረጥኩ። ለእሳቸው ካሳየሁ በኋላ የልብሴ ሣጥን ሥር ደበቅሁት። ቀጥሎ ደግሞ፣ "አንድ ቀን አምጪያት፣ በጆሮዬ ልስማት" አሉ። ቡራኦ ልጃቸው ጋ ሄደዋል አልኩ። መቼ ትመለሳለች ሲሉኝ ታመዋል አልኩ። ሐጂም ለጤናዋ ዱዓ ያደርጉ ጀመር። አስቡት፤ ከእኛ ቤት በሚኒባስ ሩብ ሰዓት ርቀት ላይ በደህና ለተቀመጡ ሴት፣ በየሶላቱ።

ፊልሙን ማየት ቀጥለን ነበር። እንደ ድሮው ይተረጉሙልኛል። ድምፃቸው ቀሎ ነበር፣ ይስቁ ነበር። እኔ ግን እያንዳንዱን ቃል ስሰማ "ይህስ በእርግጥ የተባለው ነው?" እላለሁ። እሳቸውን አልነበረም የተጠራጠርኩት።

ከዚያ ውሸት በስምንተኛው ወር ሐጂ አረፉ። ሌሊቱን ትንሽ አተኩሷቸው ነበር፤ ረፋዱ ላይ ሸሃዳቸውን ብለው ሄዱ። ፊታቸው የተኛ ሕፃን መሰለ። ሰው ሁሉ "እንዴት ያለ መልካም አሟሟት!" አለ። እኔ ጥግ ይዤ ቆሜያለሁ። ያንን መልክ የሰጠኋቸው እኔ እንደሆንኩ አውቃለሁ። ከምን እንደሠራሁትም አውቃለሁ። ሐቃቸውን ተሸክመው ሳለ ወርዶልኛል ብለው እንዲሄዱ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። ያንን ሐቅ ከላያቸው ለማውረድ ስምንት ወር ነበረኝ።

እስከዚህ የሠራሁትን ፍርሃት ነው ማለት ይቻል ይሆናል። ቀጥሎ ያለውን ግን ምን ትሉታላችሁ?

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን፣ ሴቶች በተቀመጥንበት፣ አንዲት ቀጭን ረጅም አሮጊት ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። ዱዓ አደረጉ። ከዚያ፣ "አንቺ ነሽ አሉ ያስታመምሻቸው" አሉኝ። አዎ አልኩ። "እኔ ዓሻ ዋርሳሜ እባላለሁ" አሉ። 

"ሐጂን አንድ ነገር ልጠይቃቸው ስንት ዓመት ሙሉ አሰብኩ" አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "አባቴ እስር ቤት ሳለ እናቴ ስትጠይቀው፣ 'እኔ እውነት ልናገር ነበር የገባሁት፤ እዚያ ድንኳን ውስጥ ምን እንደሆነ አላውቅም' ይላት ነበር። ማንም አላመነውም። እናቴም አንዳንዴ አታምነውም ነበር። ከዚያ ድንኳን በሕይወት የቀሩት ሐጂ ብቻ ናቸው። ልምጣ እልና፣ ሽማግሌውን በድሮ ነገር አላስቸግር ብዬ እተወዋለሁ። አሁን አለፉ። ለአንቺ ያወሩሽ ነገር ይኖር ይሆን?"

እሳቸው ሊጠይቁ ይፈልጉ ነበር። ሐጂ ሊነግሩ ይፈልጉ ነበር። መሃላቸው የቆምኩት እኔ ነኝ። አሁንም፣ ሐጂ ከሞቱ በኋላም፣ በሩ ክፍት ነበር። ሴትዮዋ በገዛ እግራቸው መጥተው ክንዴን ይዘዋል። ማዶ ደግሞ የባሌ እህቶች ተቀምጠው ያዩናል።

"የለም" አልኩ። "ስለዚያ ዘመን አያወሩም ነበር።"

"እሺ ልጄ" አሉና እጄን መታ መታ አድርገው ተነሱ። እኔን አጽናንተው ሄዱ።

ሦስት ዓመት አለፈ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አሕመድ ዳጋህ የሚሄድ ሚኒባስ ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። ከዐስር ሶላት በኋላ ሳሎን መቀመጥ ተውኩ። ያለፈው ሳምንት አንድ ሰርግ ላይ፣ ኤዶ ዓሻን ልቧ ስለደከመ ልጆቿ ለሕክምና ወደ ውጭ ሊወስዷት ነው ሲባል ሰማሁ። ከእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ የሚመለሱም አሉ፣ የማይመለሱም አሉ። ትናንት ጠዋት ሄድኩና ሰማያዊውን በር አንኳኳሁ።

ትልቋ ልጃቸው ሻንጣ እያዘጋጀች ነበር። ኤዶ ዓሻ አልጋ ላይ ትራስ ተደግፈዋል። አወቁኝ። ልጅቱ እንድትቀመጥ ለመንኳትና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ድንኳኑን፣ ወንድሙን፣ የተባለውንና የተተረጎመውን። ሻርፑንም አጠገባቸው አስቀመጥኩ። ሳላቋርጥ ጨረስኩ። ኤዶ ዓሻ መጀመሪያ ያሉት ይህን ነው፦

"አባቴ ያለውን ድገሚልኝ።"

ደገምኩላቸው። ሰው ሁሉ በዚህ ጉድጓድ በሰላም ይጠጣ ብዬ ነው የመጣሁት።

"አንድ ጊዜ ድገሚው" አሉ። ልጃቸውን፣ "ሰማሽ? የአያትሽ ቃል ነው" አሏት። እሷ ታለቅሳለች። እሳቸው አላለቀሱም።

"ሽማግሌው አፉ በዪኝ ብሎ ላከሽ። አንቺ ደግሞ አፉ ብላሃለች አልሽው።"

"አዎ።"

"ምን አለች አልሽው? በእኔ አፍ ምን ተናገርሽ?"

ይህን ይጠይቁኛል ብዬ አላሰብኩም። እያፈርኩ አንድ በአንድ ተናገርኩ፤ ሰው በወጣትነቱ ይሳሳታል፣ እኔም ምሕረት የምፈልግ ሰው ነኝ፣ አባቴም ቢኖር አፉ ይለው ነበር። በሐጂ ፊት ያማሩ ቃላት በእሳቸው ፊት አፌ ውስጥ ደረቁ።

"እኔ እንዲህ አልልም ነበር" አሉ። "እጮህበት ነበር። አንተ ስትበላ ስትጠጣ እናቴ የአባቴን ነገር እየተጠራጠረች ሞተች፣ እንቅልፍ እንዴት ይወስድህ ነበር እለው ነበር። እሱም ይሰማኝ ነበር። ከዚያ፣ ሲደክመኝ፣ ምናልባት አፉ እለው ነበር። አንቺ ጩኸቴን ወሰድሽብኝ። ማንም ላይ ልጮኸው አልችልም አሁን።"

 

ዓይናቸውን ጨፈኑና፣ "ለእሱ አፉ ብያለሁ" አሉ። "ዛሬ፣ ሰምቼ፣ በራሴ አፍ። ጠይቆ ነበርና። አንቺን ግን አላውቅም። ሂጂ አሁን።"

ልጅቱ እስከ በር ሸኘችኝ። የአያቷን ስም ሊያጠሩ ወንድሞቿ ለጎሳው ሽማግሌዎች እንደሚናገሩ፣ ሽማግሌዎቹም ወደ ባሌና ወደ አጎቱ ልጆች እንደሚመጡ ነገረችኝ። መብታችሁ ነው አልኳት። ባሌ ዛሬ ከአየር ማረፊያ ሥራው ሲመለስ ከሽማግሌዎቹ በፊት ከእኔ ይሰማል፤ በሶማልኛ፣ እያንዳንዱን ቃል። ምን እንደሚለኝ አላውቅም።

ኤዶ ዓሻ ሂጂ ሲሉኝ አፉ ይበሉኝ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት። የደከመች አሮጊት ዛሬ በሰማችው ነገር ዛሬውኑ እንድትምረኝ፣ ነገ ስለምትሄድ ቶሎ በዪ ብዬ ላስቸኩላት? በስማቸው አንድ ጊዜ ተቻኩዬላቸዋለሁ። በዚህኛው ጊዜያቸውን ይውሰዱ፤ ሳይምሩኝ ከሞቱም መብታቸው ነው፣ ዕዳው የእኔ ነው።